ደም ከመለገሳችሁ በፊት ቁርስ በልታችኋል?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ምግብ ነው። «ኤች.አይ.ቪን በሚመለከት መጽሔት ላይ የቁርስ ወሬ ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ መጀመሪያ በዓይኔ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ጊዜው የዐቢይ ጾም ነበር። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ-ኤድስ ክበቡ ከደም ባንክ ጋር ተነጋግሮ የደም ልገሳ ፕሮግራም አዘጋጀ። እኔም ለጋሾችን ለማስተናገድ እዚያው ነበርኩ። ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአዳራሹ በር እስከ መረብ ኳስ ሜዳው ድረስ ተሰልፈዋል። የአንዲት ተማሪ ተራ ደረሰና ሲስተሯ «ቁርስ በልተሻል?» ስትላት «አዎ፣ በልቻለሁ» አለች። ደሟ በሰላም ተወሰደ። ከአልጋው ተነስታ ወደ ብስኩቱ ጠረጴዛ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደች ግን ፊቷ አመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቃት፤ ዘፍ ብላ ወደቀች።

ልጅቷ ምንም አልሆነችም። እግሯን ከፍ አድርገው አስተኟት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነቃች፤ ለስላሳ ጠጥታ ተቀመጠች። የተጎዳው ሰልፉ ነበር። በር ላይ ቆመው ያዩት እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አለ፤ ሌላው «ፈተና አለብኝ» አለ፤ ሰልፉ ቀስ በቀስ ሟሟ። በማግስቱ ደግሞ የባሰ ወሬ መጣ። «ኤች.አይ.ቪ ተገኝቶባት ሲነግሯት ደንግጣ ነው የወደቀችው» ተባለ። ልጅቷ ለቀናት ከትምህርት ቤት ቀረች።

ኋላ ላይ ቁጭ ብለን ስንነጋገር እውነቱን ነገረችኝ። ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ውሃም አልጠጣችም። «ጾም ላይ ነኝ ብል ይመልሱኛል ብዬ ነው የዋሸሁት» አለችኝ። እኔ ግን እሷን ለመውቀስ አልደፈርኩም። ግቢውን በሙሉ «ደም ለግሱ፣ ሕይወት አድኑ» የሚል ማስታወቂያ ስንለጥፍ «ቁርስ በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ኑ» የሚል አንድ መስመር እንኳን አልጻፍንም ነበርና። ይህ ጽሑፍ ያን የረሳነውን መስመር ለመጻፍ ነው።

ለመሆኑ ደም ስንሰጥ ከሰውነታችን ምን ይጎድላል?

አንድ ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደም ከ350 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በሰውነታችን ካለው ደም አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው። «ደሜ አለቀ» የሚያሰኝ አይደለም። ይሁንና ሰውነት ሁለት ዓይነት ዕዳ ይገባል።

የመጀመሪያው የውሃ ዕዳ ነው። ከደማችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕላዝማ የሚባለው ፈሳሽ ሲሆን፣ የዚህ ፈሳሽ አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። ሰውነት ይህን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይተካዋል፤ ውሃ ካገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው የብረት ዕዳ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክሲጅን የሚሸከሙት ሄሞግሎቢን በሚባል ነገር ሲሆን፣ ሄሞግሎቢን ያለ ብረት ንጥረ ነገር አይሠራም። በአንድ ልገሳ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አብሮ ይሄዳል። ይህ ዕዳ በአንድ ቀን ቁርስ አይከፈልም፤ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈልጋል። በየሦስት ወሩ እንጂ በየወሩ ለግሱ የማንባለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ዕዳዎች ያምታታቸዋል። ልገሳው በሚካሄድበት ጠዋት ጉበት ቢበላ ደሙ በዚያው ሰዓት የሚጨምር የሚመስለው አለ። አይጨምርም! የጠዋቱ ቁርስና ውሃ የሚጠቅመው እንዳንወድቅ ነው። ብረቱን የሚሞላው ግን ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት የምንበላው ምግብ ነው።

በልገሳው ዕለት፦ ውሃና ቁርስ

ሰው ደም ሲሰጥ ለምን ራሱን ይስታል? የደም መጠን በአንድ ጊዜ ቀነስ ሲል፣ ላይ ደግሞ ፍርሃት ሲጨመርበት፣ የልብ ምት ይዘገያል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለጥቂት ሰከንዶች ያንሳል። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በዕድሜ ወጣት በሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሰጡና ክብደታቸው አነስ ባሉ ለጋሾች ላይ ነው። እንግዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪን ብታዩ ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደም ከመስጠታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጡ፤ ትንሹን ሃይላንድ አንድ ጊዜ መጨረስ ማለት ነው። የታሸገ ውሃ መግዛት አያስፈልግም፤ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ በዚያው ፕላስቲክ ሞልቶ መምጣት ይበቃል። ከማታው ጀምራችሁም ውሃ አዘውትሩ።

ቁርሱን በተመለከተ ልገሳው 4 ሰዓት ላይ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ በደንብ ብሉ። ምን ይበላ? ቤት ያፈራውን! ፍርፍር፣ ቂንጬ፣ ሽሮ ፍትፍት፣ ዳቦ በእንቁላል፣ ሙዝ፣ ሁሉም ይሆናል። ብዙ ወጪ የማያስወጣው ደግሞ በሶ ነው። ሁለት ሦስት ማንኪያ የበሶ ዱቄት በውሃ በጥብጦ፣ ትንሽ ጨው ወይም ስኳር ጨምሮ መጠጣት ምግቡንም ውሃውንም አንድ ላይ ይሰጣል። ለጾመኛም ይሆናል።

ሻይ ወይም ቡና ለለመደ ሰው አንድ ስኒ ችግር የለውም። ነገር ግን የውሃን ቦታ አይተካም። «ቁርሴን ቡና ጠጥቻለሁ» ማለት በባዶ ሆድ መጥቻለሁ ከማለት አይለይም።

ጮማው ለነገ ይቆይ

«በደንብ ብሉ» ሲባል ክትፎና ቁርጥ የሚያምረው አይጠፋም። በዕለቱ ጠዋት ግን ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ፣ ጮማ ሥጋ፣ በዘይት የተጠበሰ ነገር ቢቀር ይሻላል። ምክንያቱም ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ቅባቱ ለሰዓታት በደም ውስጥ ይዘዋወራል። ወርቃማ መሆን የሚገባው ፕላዝማ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። እንዲህ ያለ ደም ለላቦራቶሪ ምርመራ ያስቸግራል፤ ፕላዝማውም ሊጣል ይችላል። አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ደም በቅቤ ምክንያት ሲደፋ አያሳዝንም?

የአልኮል መጠጥ ከልገሳው በፊትም ሆነ በኋላ ለ24 ሰዓት አይቀመስም። አልኮል ሽንት በማብዛት ሰውነትን ያደርቃል። ጫትም እንደዚሁ ነው። ምግብን ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ጠዋት «ደም ልስጥ» የሚል ወጣት መጀመሪያ ሊበላና ሊተኛ ይገባዋል። መጠጥና ጫት ጥንቃቄ ወደጎደለው ወሲብ እንዴት እንደሚመሩ በዚህ መጽሔት ደጋግመን ስላነሳነው አሁን አልመለስበትም።

ጾም ከሆነስ?

አገራችን ጾመኛ አገር ናት። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም አለ፤ ረመዳን አለ። ጾምና ደም መስጠት አይጣሉም፤ የሚጣሉት ባዶ ሆድና ደም መስጠት ናቸው። ስለዚህ እስከ 6 ሰዓት ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጾሙን ገድፎ፣ የጾም ምግቡን በልቶና ውሃ ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ መስጠት ይችላል። በረመዳን ለሚጾም ደግሞ ከአፍጥር በኋላ ወይም ጾሙ ሲያበቃ መስጠት ይሻለዋል። ደም የሚያስፈልገው ሕመምተኛ በዓመቱ ውስጥ በየቀኑ አለ። ዛሬ ያልተመቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመጣ ውለታው አይቀንስም።

ለክበብ አባላት አንድ አደራ አለኝ። ፕሮግራም ስትይዙ የጾሙን ቀንና ሰዓት ቀድማችሁ ቁጠሩ። እኛ ያን ዕለት ያልቆጠርነው እሱን ነበር።

ቁርስ ከሌለስ?

ይህን ጥያቄ ሳላነሳ ብቀር እናንተን መዋሸት ይሆንብኛል። ከመካከላችሁ ጾም ሳይሆን ቤት ስለሌለ ብቻ ሳይበላ ትምህርት ቤት የሚመጣ አለ። ጠያቂ ሲመጣ «በልቻለሁ» ማለት ይቀላል። ማንም ሰው ፊት «ቤታችን ቁርስ የለም» ማለት ይከብዳላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይበላ የመጣ ሰው ደም የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ባለመስጠቱም የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ለሲስተሯ ዝም ብላችሁ «ዛሬ አልበላሁም» በሉ፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። እሷም አትጠይቃችሁም። የክበብ አባላት ደግሞ ከልገሳው በፊት ለሁሉም ሰው፣ ያለውንም የሌለውንም ሳይለዩ፣ በበር ላይ አንድ ዳቦና አንድ ኩባያ በሶ ብታቀርቡ ማንም ሳይሸማቀቅ ይበላል።

ከሰጣችሁ በኋላ

ደም መውሰዱ ራሱ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ያለችው ሩብ ሰዓት ግን ትልቅ ቦታ አላት። ዘላችሁ አትነሱ። ተኝታችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የሚሰጣችሁን ለስላሳና ብስኩት እዚያው ተመገቡ። «ለእህቴ ልውሰድላት» ብሎ ብስኩቱን ኪስ መክተት ደግነት ነው፤ ግን ያን ዕለት ብስኩቱ የእናንተ ነው።

ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ከተሰማችሁ ባላችሁበት ቁጭ ወይም ጋደም በሉ፤ ተናገሩ። ጓደኞቻችሁም ዙሪያውን ከመክበብ አየር ይስጡ፤ እግሩን ከፍ ያድርጉ። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውሃ በአፉ ማፍሰስ አደገኛ ነው።

በዚያን ቀንና በማግስቱ ከወትሮው አራት ብርጭቆ ያህል ፈሳሽ ጨምሩ። ምሳችሁን አትዝለሉ። በተወጋው ክንድ ባልዲ ወይም ጀሪካን አታንሱ፤ ኳስ ጨዋታውም ለነገ ይቆይ።

የብረት ዕዳችንን በምን እንክፈል?

በአገራችን «ቀይ ነገር ደም ይሆናል» የሚል እምነት አለ። ደም ያነሰው ሰው ሁሉ ቀይ ሥር እንዲበላ ይመከራል። ቀይ ሥር ጥሩ አትክልት ነው፤ ብሉት። ነገር ግን ቅላቱ ከራሱ ቀለም የመጣ እንጂ ከብረት አይደለም። ቢሆንማ ቀይ ለስላሳ መጠጣት ይበቃን ነበር!

ብረት በደንብ የሚገኘው ከጉበት፣ ከቀይ ሥጋ፣ እንዲሁም ከዶሮና ከዓሣ ነው። የእንስሳቱን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ ይወስደዋል። ለጾመኛና ሥጋ ለማይደርሰው ደግሞ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ጎመን አሉ። የእነዚህን ብረት ግን ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ አጋዥ ይፈልጋል።

አጋዡ ቪታሚን ሲ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሙቀት ስለሚያጠፋው ብዙ ሳይበስል ቢበላ ይመረጣል። እናቶቻችን ይህን ሳይማሩት ያውቁታል። አዚፋን አስቡ፤ ምስር ላይ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ቃሪያ ተከትፎበት። ሽሮን በቃሪያ ስንግ አስቡ፤ ጎመን ላይ ጠብ የምትደረገውን ሎሚ አስቡ። ምስሩ ብረቱን ሲያቀርብ ሎሚው በሩን ይከፍትለታል።

እንጀራችንስ? ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ከፊሉ እህሉ አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ግን ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ የእንጀራው ጥቅም ይጨምራል።

አሁን ወደ ክፉ ልማዳችን እንምጣ። ምሳ እንደተበላ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና እናስከትላለን። በሻይና በቡና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን ጨጓራና አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት በግማሽና ከዚያም በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡና ተዉ ማለቴ አይደለም፤ የቡና አገር ሰው ነኝ። ከምግቡ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ፤ በቃ። የቡናው ሥነ ሥርዓትም እኮ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ እስኪቀርብ ጊዜ ይወስዳል!

የብረት ኪኒን ግን ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

«ደምሽ ትንሽ ነው» ብትባሉስ?

ከልገሳ በፊት ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ተወስዶ ሄሞግሎቢን ይለካል። በአንዳንድ ቦታ ጠብታዋ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ትጨመራለች። በቂ ሄሞግሎቢን ካላት ከበድ ስለምትል ትሰምጣለች፤ ካነሳት ትንሳፈፋለች። በሌላ ቦታ በትንሽ መሣሪያ ይለካል።

ካነሰ ያን ዕለት ደም አይወሰድም። ይህ መውደቅ አይደለም፤ ኤች.አይ.ቪ ተገኘ ማለትም አይደለም። በተለይ ሴቶች በወር አበባ ምክንያት በየወሩ ብረት ስለሚያጡ የደም ማነስ በብዛት ያጋጥማቸዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር፣ ምግብን ማስተካከል፣ ከዚያ ተመልሶ መምጣት ይቻላል። ጓደኛችሁ ከሰልፍ ሲመለስ ብታዩ «ምን ተገኝቶበት ይሆን?» አትበሉ። ስንት ዓይነት ምክንያት እንዳለ አያችሁ አይደል?

የኤች.አይ.ቪ ነገር

ደም በመስጠት ኤች.አይ.ቪ አይያዝም። መርፌውም ከረጢቱም አዲስ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ አገልግሎ ይወገዳል። የተሰጠው ደም ደግሞ ለኤች.አይ.ቪ፣ ለጉበት በሽታ አምጪዎቹ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። ምርመራው የሚደረገው ላቦራቶሪ ሄዶ ነው። እንግዲህ ያቺ ተማሪ አዳራሹ ውስጥ «ውጤቷን ሰምታ ወደቀች» መባሉ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር። ደሟ ገና ከረጢት ውስጥ ነበር!

በሌላ በኩል «በዚያው እመረመራለሁ» ብሎ ደም መስጠት ትልቅ ስህተት ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ድረስ ዊንዶው ፔሬድ የሚባል ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ምርመራው «ነጻ» ቢልም ደሙ ቫይረሱን ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ራሱን የተጠራጠረ ሰው ወደ ምክርና ምርመራ አገልግሎት ይሂድ፤ ምስጢሩ ይጠበቅለታል። ደም መስጠት የማይችል ሰውም ሕይወት ማዳን አያቅተውም። መቀስቀስ፣ ማስተናገድ፣ በሶ መበጥበጥ ይችላል።

18 ዓመት ያልሞላችሁም አትከፉ። ለመለገስ ዕድሜ ቢያንስ 18፣ ክብደት ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ዕድሜ ጨምሮ መናገር ጀግንነት አይደለም፤ እያደገ ያለ አካል ብረቱን ለራሱ ይፈልገዋል። የእናንተ ልገሳ የሚጀምረው ከዛሬው ምሳ ነው። ምስሩን በሎሚ ብሉ፤ ሻዩን አዘግዩ፤ 18 ሲሞላችሁ ሙሉ ሆናችሁ ትመጣላችሁ።

ማጠቃለያ

በዚያው ትምህርት ቤት ከወራት በኋላ ሌላ ፕሮግራም ተዘጋጀ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ቁርስ በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ኑ» ተጽፎ ነበር። ቀኑ ከጾም ውጪ ተመረጠ። በር ላይ ዳቦና በሶ ቀረበ። በሶውን በኩባያ እየቀዳች ለተሰላፊዎች የምታድለው ማን እንደነበረች ገምቱ! «ሳትጠጣ አታልፍም፤ እኔ የወደቅኩት ይበቃል» ትላቸው ነበር። እነሱም እየሳቁ ይጠጣሉ። ወሬው በሳቅ ተሸነፈ። ሰልፉም እስከ መጨረሻው አልተበተነም።

የለገሳችሁት ደም በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳት እናት፣ በመኪና አደጋ ለተጎዳ፣ ወባ ደሙን ለጨረሰበት ሕፃን ይደርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሎሚውን ተካፍለን ለመሸከም ግን መጀመሪያ ራሳችን በእግራችን መቆም አለብን።

ስለዚህ ሲስተሯ «ቁርስ በልተሃል? በልተሻል?» ስትላችሁ እውነቱን ንገሯት።

ቸር ይግጠመን!